ጢስ ዓባይ ነን፣ የጀልባው ወረፋ አልንቀሳቀስ ብሏል፤ ምን ይሻላል?

የማርቆሷ
ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ጢስ ዓባይ ነው ያለነው። ጀልባው ጋ ያለው ሰው ጉድ ነው፣ ጠጠር መጣያ የለም። ጀልባዋ ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ እኛ እዚያው ነን። ከኋላ የመጡትም እየተጋፉ ይገባሉ። ልጆቹ መነጫነጭ ጀምረዋል። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ "እንመለስ" እያለች ነው። መላ ያለው ሰው ቶሎ ይበለኝ፣ ባትሪዬም ሊያልቅ ነው።

ዳሞት
የትኛው ዳር ናችሁ? ልትሻገሩ ነው ወይስ አይታችሁ ልትመለሱ? ስንት ናችሁ? ትኬትስ ቆርጣችኋል? ትኬቱ የሚቆረጠው ከተማዋ ውስጥ ነው። ሳይቆርጡ ተሰልፈው፣ ተራቸው ሲደርስ የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ባሻ
ልጄ፣ በመስቀል ሰሞን እሁድ ጢስ ዓባይ ይኬዳል? ደመራ ለማየት ባሕር ዳር የገባው እንግዳ ሁሉ በማግሥቱ የሚሄደው እዚያ ነው። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ደግሞ ተኝቶ አርፍዶ፣ ቁርሱን በልቶ ነው የሚነሣው። እናም ሁሉም ከ4 ሰዓት ጀምሮ አንድ ላይ ይደርሳል። ጀልባዋ ምን ታድርግ? በእኛ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ነበር የምንነሣው። ቆሏችንን በኪሳችን ይዘን፣ ሰው ሳይመጣ አይተን፣ ምሳችንን ቤታችን። የዛሬ ሰው ማኪያቶ ሳይጠጣ ከቤቱ አይወጣም።

ጣና ዳር
ባሻ፣ እሷ ፀሐይ ላይ ቆማለች፣ እርስዎ ትውልድ ይገመግማሉ። ሃሃሃ።

ቋሪት
አሮጌው የአንድ ብር ኖት ቦርሳሽ ውስጥ ካለ አውጪና ጀርባውን እዪ። ፏፏቴው እዚያ አለልሽ። ወረፋ የለው፣ ጀልባ የለው።

የማርቆሷ
ቋሪት፣ አሁን ለመሳቅም አቅም የለኝም። ልንሻገር ነው። ትኬት አለን። ሰባት ነን፣ ሦስቱ ልጆች ናቸው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። አንድ ልጅ መጥቶ "በድልድዩ ልውሰዳችሁ" እያለን ነው። እሱ ይሻላል?

ሞጣ ነኝ
በድልድዩ ሂዱ። እዚያ ወረፋ የሚባል ነገር የለም።

አዴት
በድልድዩ ይሻላል። በድልድዩ ሂዱ።

አስጎብኚው
እህቴ፣ ቆይ አትቸኩዪ። ይኸ ሥራዬ ነው። ጉልበት የሚያማትን እናት በድልድዩ እንዳትወስጂ።

ሁለት መንገድ ነው ያለው። በጀልባ ከተሻገራችሁ ሜዳ ነው፤ አዛውንትም ቀስ እያሉ ይደርሳሉ። በአላታ ድልድይ በኩል ከሆነ መጀመሪያ ቁልቁለት፣ ቀጥሎ ዳገት ነው። አሁን ደግሞ ጥቢ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ጭቃው አልደረቀም። ጤነኛው ሰው እንኳ ከመንደሩ ልጆች ምርኩዝ ተከራይቶ፣ አንድ እግሩን ሳያስተካክል ሌላውን ሳያነሣ ነው የሚወርደው። ግን ጉልበት ላለው ሰው እሱ ያምራል። ፏፏቴውን ፊት ለፊት የምታዩት ከዚያ በኩል ነው። መንገዱን ስትቀጥሉ ተንጠልጣይ ድልድይ ታገኛላችሁ። እሱን ስትሻገሩ ፏፏቴው ሥር ናችሁ፣ ከዚያ በሜዳው በኩል ጀልባው ማዶ ትወጣላችሁ። ዙሪያውን የሚገጥም መንገድ ነው።

ስለዚህ ተከፋፈሉ። የሚችሉት በድልድዩ ይሂዱ። አንቺና እናትሽ ከሰልፉ ውጡና ጥላ ፈልጋችሁ ቡና ጠጡ። ይኸ ወረፋ የጠዋት ወረፋ ነው። ወደ 6 ሰዓት ተኩል ግድም አዲስ የሚመጣ ሰው ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ጭንቅንቁ ወደ ማዶ ይዞራል፤ ያየው ሁሉ ሊመለስ ይሰለፋል። እናንተ በምሳ ሰዓት ተሻገሩ፣ በመልሱ አትቸኩሉ። የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ስትሻገሩ ባለጀልባውን ጠይቂው።

እቴጌ
ከሰልፍ ውጪ ይባላል እንዴ? ይህን ሁሉ ቆማ፣ ተራዋን ለማን ትልቀቅ? እኔ ብሆን ንቅንቅ አልልም። ስትመለስ መጨረሻ ላይ ናት።

አስጎብኚው
እቴጌ፣ መጨረሻው ራሱ ያኔ አጭር ነው እኮ የምለው።

ጎጃሜው ከዴንቨር
ስለ ሰልፍ ከተነሣ እኔም የምለው አለኝ። ያለሁት ኮሎራዶ ነው። እዚህ ታኅሣሥና ጥር ሲሆን ሰው ተራራ ላይ ወጥቶ በበረዶ ይንሸራተታል። ስኪ ይሉታል። ወደ ላይ የሚያወጣቸው ሊፍት ነው፤ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ወንበር። የሊፍቱ ሰልፍ የናንተን ያስንቃል። ከዴንቨር ወደ ቬይልና ወደ ብሬከንሪጅ የሚያወጣው አይ 70 የሚባል አውራ ጎዳና ቅዳሜ ጠዋት መኪና በመኪና ላይ ነው። ልጆቼ እየጎተቱኝ እኔም ለመድኩት። መውደቁንም፣ መሰለፉንም።

ለማዳዎቹ መላ አላቸው። ሊፍቱ ሳይከፈት ይደርሳሉ። ካልሆነላቸው ሌላው ምሳ ሲበላ እነሱ ይወጣሉ፣ ሌላው ሲወጣ እነሱ ይበላሉ። አብዛኛው ሰው መኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለው ሊፍት ላይ ይከመራል። እነሱ አንዴ ከወጡ ወደ ታች አይመለሱም፣ ራቅ ብሎ ባለው ሊፍት እዚያው ላይ ይውላሉ። የሚችል ሰው ደግሞ ቅዳሜን ትቶ ማክሰኞ ይሄዳል።

ለእህታችን የሚሆናት ግን ይኸ ነው። ብዙ ቦታ ብቻውን ለመጣ ሰው የተለየ መስመር አለ። ወንበሩ አራት ሰው ይይዛል እንበል። ሦስት ጓደኛሞች አንድ ላይ ሲቀመጡ አንድ ቦታ ባዶ ይቀራል። ያንን ለብቻው የተሰለፈ ሰው ይሞላዋል። ብቻውን የመጣ ቶሎ ይወጣል፣ ካልተለያየን ያለ ቤተሰብ ቆሞ ይቀራል። ሰባታችሁ በአንድ ጀልባ ካልሆነ አትበሉ። ባለጀልባውን "ሁለት ሰው ከጎደለህ ጥራን" በሉት።

ቋሪት
ጎጃሜ ከፍሎ ይንሸራተታል? ጮቄ ላይ ክረምት ሲገባ በነፃ ነው የምንንሸራተተው፣ በጭቃ። ሊፍቱም አህያ ናት።

ጣና ዳር
ዴንቨር ሌላ፣ ጢስ ዓባይ ሌላ። እዚህ ጀልባው ሳይሞላ አይነሣም። ምን ባዶ ቦታ አለና?

አስጎብኚው
ሰው በበዛ ቀን ልክ ነህ፣ ጀልባዋ ላይ እግር መቆሚያም አይገኝ። ግን የዴንቨሩ ወንድማችን ያለው ይሠራል። አስጎብኚ ያለው ቡድን እንግዶቹን ነጣጥሎ መላክ አይፈልግም። ሁለት ቦታ ጎድሎ "አንድ ወይ ሁለት ሰው!" ብሎ ባለጀልባው ሲጣራ እሰማለሁ። አንዲት እናት ከልጇ ጋር "እኛ አለን" ብትል ማንም አይከፋውም። ጀልባው ከመጠን በላይ ከተጫነ ግን አትግቡ። ወንዙ በዚህ ወር ጉልበት አለው። ሲያብጥ ጭራሽ የማይሠራበት ቀንም አለ።

አገው ምድር
እኔ የማይገባኝ ይኸ ሁሉ ጭንቀት ለምን እንደሆነ ነው። ፏፏቴው ድሮ ቀረ። ውኃው ለመብራት ተወስዷል። ገደል ለማየት ወረፋ ይያዛል?

ዳሞት
አገው ምድር፣ በመስከረም እንዲህ አይባልም። ጢስ ዓባይ አንድ የሚባለው ማመንጫ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ፏፏቴውን ያን ያህል አልጎዳውም። ውኃው ክፉኛ የሳሳው በ1993 ሁለተኛው ሲመጣ ነው። በ2002 ደግሞ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ሥራ ጀመረ። እሱ ውኃውን ዓባይ ሳይደርስ ከሐይቁ በሌላ በኩል ወደ በለስ ይወስደዋል። በበጋ ክር አክሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ግን ሐይቁ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ጢሱን ፏፏቴው ጋ ሳትደርስ ታየዋለህ። ወረፋውም የመጣው ለዚሁ ነው። ሰው አልፈልግም ካልክ በመጋቢት ሂድ። ጀልባው ባዶ ነው፣ ገደሉም ባዶ ነው።

ባሻ
ስለ ድልድዩ የተነሣውን ላሟላ። የአላታው ድልድይ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የፖርቱጋሎች ድልድይ የሚሉትም እሱን ነው። ሰባራ ድልድይ ሌላ ነው፣ እሱ ሞጣ በኩል ነው። ሰው ያምታታቸዋል። ደግሞ በኖራ የተሠራን ነገር...

ጣና ዳር
ባሻ፣ በእናትዎ! ልጅቷ ትሻገርና ይተርኩልናል።

የማርቆሷ
እግዜር ይስጣችሁ። ወንድሜና ሚስቱ ሁለቱን ትልልቅ ልጆች ይዘው በአላታ ሄዱ። ልጆቹ ምርኩዝ ሲሰጣቸው ለቅሶውን ረሱት። እኔ፣ እናቴና ትንሿ ከሰልፉ ወጥተን ቡና ላይ ነን። እቴጌ፣ አትቆጪኝ። እናቴ "እንመለስ" ማለቷን ትታ ባለቡናዋን ዘር እየጠየቀቻት ነው፤ ባሏ የቢቸና ሰው ሆኖ ተገኘ። ሰልፉ የሳሳ ይመስለኛል፣ ወይ ተቀምጬ ስለማየው ነው። ባለጀልባውንም አናግሬዋለሁ፣ "እጠራሻለሁ" ብሏል። ባትሪው 3 ከመቶ ነው።

ዳሞት
ጎሽ። ግን ስልክሽ ከጠፋ ከወንድምሽ ጋር ማዶ የት ትገናኛላችሁ? ተነጋግራችኋል? ማዶ ያለው ሜዳ ሰፊ ነው። "ከጀልባው የሚወረድበት ጋ" ብለሽ አሁኑኑ ደውዪለት።

እቴጌ
"እጠራሻለሁ" ያለ ባለጀልባ ጠርቶ አያውቅም። አጠገቡ ቁሚ።

አዴት
በድልድዩ ሂዱ። ወረፋ የለውም።

ቋሪት
አዴት፣ አንተ ራስህ ኔትወርኩ ወረፋ ላይ አቁሞህ ነው እንዴ?

ጎጃሜው ከዴንቨር
ተሻገሩ? እዚህ ሌሊት ነው፣ እንቅልፌን ትቼ እየጠበቅኩ ነው።

ዳሞት
ስልኳ ጠፍቶ ይሆናል። ደውላለት ከሆነ ጥሩ ነው።

ፍኖተ ሰላም
እሷ እስክትመለስ እኔም ልጠይቅ። ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ጣና ላይ ገዳማት ልናይ ነው። ጀልባ እንዲሁ ይሆናል? ሴቶችም አሉ፣ ወንዶችም አሉ።

አስጎብኚው
ባሕር ዳር ጀልባው ብዙ ነው፣ እንደ ጢስ ዓባይ አይደለም። ዋናው ሰዓቱ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ይነዋወጣል፣ የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ደግሞ ይከፋል። ብዙው ቡድን መጀመሪያ የሚወርደው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነው። እናንተ ገልብጡት፤ አዝዋ ማርያምን አስቀድሙ፣ ዑራን በኋላ። ሁለቱም ዘጌ ላይ ናቸው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፣ ስለዚህ አብራችሁ ከሆናችሁ እሱን ተዉት። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው፣ ሩቅም ነው።

ዘጌ ደግሞ ባሕረ ገብ መሬት ናት። በመኪና ይገባል። ጀልባ ካልሆነ የሚል ሰው ከሌላችሁ በየብስ ሂዱና በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ዙሩ።

ፍኖተ ሰላም
በመኪና እንደሚደረስ አላውቅም ነበር። አለቃችን ውኃ ይፈራል፣ ደስ ይለዋል።

ቋሪት
ስትመለሱ ዓሳውን ከ6 ሰዓት በፊት እዘዙ። ቅዳሜ ምሳ ላይ የቆሮሶ ጥብስ ወረፋ ከሁሉም ይብሳል፣ ለሱ ደግሞ ድልድይ የለውም።