ሪከርድ ስጫን ምላሴ ይታሰራል፣ ስለ ገዛ ስራዬ ማውራት አቃተኝ

መርፌና ክር፦

ሰላም ለሁላችሁም። እስኪ ይሄ ነገር ያለፈበት ሰው ካለ ይምከረኝ። የቆዳ ቦርሳ እሰራለሁ፣ በራሴ እጅ፣ ብቻዬን፣ አሁን አራተኛ አመቴ ነው። እስካሁን ፎቶ እያነሳሁ ፖስት እያረኩ ነው ስሸጥ የቆየሁት ግን አሁን አሁን ፎቶ ብቻውን ሰው አያቆምም፣ ደንበኞቼም ኢንቦክስ እየገቡ «አንቺ ራስሽ ነሽ የምትሰሪው? ስትሰሪ የሚያሳይ ቪዲዮ የለሽም?» ይሉኛል። እኔም ማሳየት እፈልጋለሁ፣ በጣም ነው የምፈልገው፣ ችግሩ ካሜራ ፊት ስቆም ሌላ ሰው ነው የምሆነው።

ደንበኛ በአካል ሲመጣ ስለ አንድ ስፌት ብቻ ግማሽ ሰአት ላወራ እችላለሁ፣ እሱም ደስ ብሎት ነው የሚሄደው። ያቺ ቀይ ምልክት ስትበራ ግን አፌ ይደርቃል፣ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል፣ የምለውን እረሳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ 11 ጊዜ ቀረፅኩ 11ዱንም አጠፋሁት። ስክሪፕት ፅፌ በቃሌ ይዤ ሞከርኩ፣ ያ ደሞ ባሰ፣ ዜና የማነብ ነው የሚመስለው። መልሼ ሳየው ድምፄ የኔ አይመስለኝም፣ ፊቴም የሆነ የተጣመመ ነገር አለው። ከዚ ሁሉ በላይ ግን የሚያስፈራኝ የማያውቁኝ ሰዎች ሳይሆኑ የሚያውቁኝ ናቸው፣ አብረውኝ የተማሩት፣ ዘመዶቼ፣ «ደሞ ዛሬ አክትረስ ሆነች» የሚሉ ይመስለኛል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እንዴት ነው የለመዳችሁት? ፊቴን ሳላሳይስ ብሰራው ይሆናል ወይ?

እንጨት ሰሪው፦

እህቴ የኔን ታሪክ ነው የፃፍሽው ማለት ይቻላል። እኔ ወንበርና ጠረጴዛ ነው የምሰራው፣ ካሜራ ከጀመርኩ ሁለት አመት ሊሆነኝ ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፣ ለደንበኛ ግማሽ ሰአት የምታወሪ ከሆነ ማውራት ትችያለሽ ማለት ነው፣ ችሎታው አለሽ። ካሜራው ያሳጣሽ ሰውየውን ነው። ደንበኛው ፊትሽ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይጠይቃል፣ ፊቱ ላይ ገባው አልገባው ታያለሽ፣ አንቺም በዛ ተመርተሽ ነው የምታወሪው። ስልክ ግን ምንም አይመልስም፣ ዝም ብሎ ያፈጣል፣ ሰው ደሞ ዝም ብሎ ለሚያፈጥበት ነገር ማውራት አይችልም።

ስለዚ እኔ ያረኩት ሰውየውን መመለስ ነው። ታናሽ ወንድሜን ከስልኩ ጀርባ፣ ከሌንሱ ጎን ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኩትና «ደንበኛ ሁንና ጠይቀኝ» አልኩት። «ይሄ እግሩ ለምን አይወዛወዝም?» አለኝ፣ መለስኩለት፣ በቃ እሱ ነው የመጀመሪያው ቪዲዮዬ። ጥያቄው ተቆርጦ መልሱ ብቻ ነው የወጣው። ሰው ከሌለሽ ደሞ ኢንቦክስሽን ክፈቺና ባለፈው ወር የተጠየቅሽውን አንድ ጥያቄ አውጪ፣ ያንን የጠየቀሽን ሰው አስቢና ለሱ ብቻ መልሺ። «ሰላም ውድ ተከታታዮቼ» ብለሽ አትጀምሪ በናትሽ፣ እንደዛ ስትይ ወዲያው ሺ ሰው ፊትሽ ይደቀናል፣ አፍሽም ያኔ ነው የሚደርቀው።

ስክሪፕቱን ተይው። በቃል የያዝሽው ነገር አንድ ቃል ስታጠፊ ሁሉም ይፈርሳል። እኔ ሶስት ቃል ብቻ ነው ቁራጭ ወረቀት ላይ ፅፌ ሌንሱ አጠገብ የምለጥፈው፣ ለምሳሌ ላንቺ «ቆዳው፣ ክሩ፣ ጠርዙ» ቢሆን ይበቃል። ከተሳሳትሽ ደሞ አታቁሚው፣ ትንሽ ትንፋሽ ወስደሽ አረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው በይው፣ ስህተቷን በኋላ ቆርጠሽ ታወጫታለሽ። 11 ጊዜ እያጠፋሽ እንደ አዲስ ስትጀምሪ በየጊዜው ፍርሀቱንም እንደ አዲስ ነው የምትጀምሪው፣ እኔን ብዙ ያደከመኝ እሱ ነበር።

ሌላ ደሞ እጅሽን ስራ ስጪው። እያወራሽ ስፊ። እጅ የሚያውቀውን ሲሰራ አፍም ይከተላል፣ ይሄን ማንም ባለሙያ ያውቀዋል።

ባለ ሌንሱ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ፣ አብዛኛው ስራዬም እንዳንቺ ካሉ በትንሹ ከሚሰሩ ሰዎች ጋር ነው፣ ስለዚ «ፊቴ ተጣመመ፣ ድምፄ የኔ አይደለም» የሚለውን በየቀኑ እሰማዋለሁ። እውነት ነው የታየሽ፣ ግን ምክንያቱን ስታውቂው ይቀልሻል።

ድምፁን ልጀምር። ስናወራ ድምፃችንን የምንሰማው በአየር ብቻ አይደለም፣ በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል፣ በአጥንት የሚመጣው ደሞ ወፈር ያለውን ድምፅ ያጎላዋል። ስለዚ ለራስሽ የሚሰማሽ ድምፅ ሌላ ሰው ከሚሰማው የበለጠ ወፍራም ነው። ቅጂ ላይ ያ የአጥንቱ ድርሻ የለም፣ ቀጠን ብሎ ይመጣል። ሰው ሁሉ ግን ድሮም የሚያውቅሽ በዛ ቀጭኑ ነው፣ ለነሱ ምንም አዲስ ነገር የለውም።

ፊትም እንደዛው ነው። እድሜ ልክሽን ያየሽው የመስታወቱን ፊት ነው፣ ግራና ቀኙ የተገለበጠውን። የማንም ፊት ሁለቱ ጎን እኩል ስላልሆነ ቪዲዮው ሳይገለበጥ ሲያሳይሽ የተጣመመ ይመስልሻል። በ1977 የታተመ ጥናት አለ፣ ሴት ተማሪዎችን ፎቶ አንስተው አንዱን እንዳለ ሌላውን ገልብጠው አሳዩአቸው፣ ልጆቹ እንደ መስታወት የተገለበጠውን መረጡ፣ ጓደኞቻቸው ደሞ ያልተገለበጠውን። ሰው የለመደውን ነው የሚወደው። ይሄ ማለት አንቺን የሚያውቅሽ ሰው ቪዲዮሽን ሲያይ የሚያየው የሚያውቀውንና የሚወደውን ፊት ነው።

ሶስተኛው የርቀት ጉዳይ ነው፣ እዚ ላይ ብዙ ሰው ራሱን በከንቱ ይጎዳል። ስልኩን በእጅሽ ይዘሽ ከሆነ የምትቀርፂው ሌንሱ በጣም ቀርቦሻል፣ ቅርብ ያለ ነገር ደሞ ከሩቁ ጋር ሲታይ ይገዝፋል፣ አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለካሜራው ቅርብ ነው። በ2018 ሀኪሞች በሂሳብ አስልተው እንዳወጡት ከ30 ሳንቲሜትር የተነሳ ፎቶ ላይ አፍንጫ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው ጋር ሲወዳደር 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ይታያል። ስለዚ ስልኩን አርቂው፣ አይንሽ ከፍታ ላይ አቁሚው፣ ትራይፖድ ከሌለሽ መፅሀፍ ደራርበሽ ማስደገፍ ይበቃል። በጀርባው ካሜራ ቅረፂ፣ ጥራቱም ይሻላል፣ ዋናው ጥቅሙ ግን ራስሽን አለማየትሽ ነው። እያወሩ ራስን ማየት ፀጉርን ጥርስን ያስቆጥራል፣ አይንሽም ከሌንሱ ላይ ይወርዳል።

ብርሀን አትግዢ ለጊዜው፣ መስኮት ፊት ለፊት ቁሚ፣ መስኮቱን ጀርባሽ አታድርጊው፣ የጣራውን አምፖል አጥፊው አይን ስር ጥላ ይጥላል። ስክሪኑ ላይ ፊትሽን በጣትሽ ረዘም አርገሽ ስትጫኚው አብዛኛው ስልክ ብርሀኑንና ፎከሱን ይቆልፈዋል፣ እየቀረፅሽ አይጨልም አይደምቅም። ሌንሱን ጥረጊ (ይሄን ማንም አያስበውም ግን ብዙ ጊዜ ብዥታው ከጣት አሻራ ነው)። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፣ መሀል ላይ ተደውሎ ቅጂው እንዳይቋረጥብሽ።

ገንዘብ ካወጣሽ ድምፅ ላይ አውጪ። ምስሉ መካከለኛ ቢሆን ሰው ይታገሳል፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ከሆነ ግን ጥሎ ይሄዳል። ስልኩን ስታርቂው ድምፅሽም አብሮ ይርቃል፣ ስለዚ ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ጥሩ ነው፣ እሱ እስኪገዛ ሁለተኛ ስልክ ካለ ድምፅ መቅጃውን ከፍተሽ ደረትሽ አካባቢ ኪስ ውስጥ አድርጊው፣ ስትጀምሪ አንዴ አጨብጭቢና ኤዲት ላይ በጭብጨባው ሁለቱን ታገጣጥሚያለሽ። ቆዳ የተከማቸበት ክፍል ደሞ ድምፅ ብዙም አያስተጋባም፣ እዛው መስሪያ ቦታሽ ቅረፂ።

ዝምተኛው፦

እኔ ትንሽ ልለይ። ፊት ማሳየት ግዴታ አይደለም። እኔ ሸክላ ነው የምሰራው፣ ቪዲዮዬ ላይ እጄ ብቻ ነው ያለው፣ ድምፄም አልፎ አልፎ ነው የሚገባው፣ ሽያጬ አልቆመም። ለሁሉም ሰው «ፊትህን ካላሳየህ አታድግም» ማለት ልክ አይመስለኝም፣ አንዳንድ ሰው ማሳየት የማይፈልግበት የራሱ ምክንያት አለው።

እንጨት ሰሪው፦

@ዝምተኛው እውነትህን ነው ወንድሜ፣ የማይፈልግ ሰው አይገደድም። እሷ ግን «በጣም ነው የምፈልገው» ብላ ነው የፃፈችው። ባትፈልግና ብትፈራ ለየቅል ነው፣ የፈሩትን ነገር በተውት ቁጥር ፍርሀቱ ያድጋል እንጂ አይቀንስም። ያንተ መንገድ ግን ለመጀመሪያው ደረጃ በጣም ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ እጅ ብቻ፣ ቀጥሎ እጅና ድምፅ፣ ቀጥሎ ከጎን አቀርቅራ ስትሰፋ፣ መጨረሻ ላይ ቀና ብላ። አንዱ ደረጃ ሳይቀል ወደ ሌላው አትሂድ።

ሂሳብ ያዥዋ፦

እኔ የምመልሰው ስለ ዘመድና ስለ ድሮ ጓደኛ ያለሽውን ነው ምክንያቱም እኔን ለአንድ አመት ያስቀመጠኝ እሱ ነው። ለትንንሽ ድርጅቶች ሂሳብ እሰራለሁ፣ ስለ ደረሰኝ አያያዝ ላስረዳ ብዬ አንድ ቪዲዮ ለቀቅኩ፣ አንድ የማውቀው ሰው ስር ገብቶ ስለ ልብሴ ያልሆነ ነገር ፃፈ። አጠፋሁት፣ ቪዲዮውን ማለቴ ነው፣ ኮሜንቱን ማጥፋት ስችል። እስካሁን ይቆጨኛል። ያንን ቪዲዮ አይተው ሁለት ሰዎች ስራ ሊሰጡኝ ኢንቦክስ ፅፈውልኝ ነበር፣ እኔ ግን ስላፈርኩ ቶሎ አልመለስኩላቸውም።

በኋላ አንድ ነገር አነበብኩ፣ በ2000 የታተመ ጥናት ነው፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ። ተማሪዎችን የሚያሳፍር የዘፋኝ ምስል ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሰው የተቀመጠበት ክፍል አስገቧቸውና ስንቱ ያየህ ይመስልሀል አሏቸው። የለበሱት ግማሽ ያህሉ አይቶናል ብለው ገመቱ፣ ያስተዋለው ግን ወደ ሩብ የሚጠጋው ብቻ ነበር። እንደምናስበው ያህል ሰው እኛን እያየ አይደለም። ዘመድሽ ቪዲዮሽን ሶስት ሰከንድ አይቶ ያልፋል፣ ቦርሳ የሚፈልገው ሰው ግን እስከ መጨረሻው ያየዋል፣ አንቺ የምትቀርፂው ለሱ ነው።

ብሎክና ሀይድ የሚባል ነገር አለ (ሰውየውን መዝጋት ወይ ፖስትሽ እንዳይታየው ማድረግ)፣ ተጠቀሚበት፣ ጨዋነት ማጉደል አይደለም። የቅርብ ዘመዶችን መጀመሪያ ላይ ሀይድ አድርጎ መጀመርም ይቻላል፣ እኔ ለሶስት ወር እንደዛ ነው ያረኩት።

ደሞ ልብሽ ሲመታ «ተረጋጊ ተረጋጊ» አትበይ፣ አይሰራም። በ2014 የወጣ የሀርቫርድ ጥናት ላይ ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ተሽለው ነው የተገኙት፣ ምክንያቱም ፍርሀትም ጉጉትም ልብን እኩል ነው የሚያስመታው፣ ስሙን መቀየር ልብን ከማብረድ ይቀላል። እኔ ጮክ ብዬ ነው የምለው፣ ብቻዬን ክፍል ውስጥ፣ «ይሄን ነገር ለማስረዳት ጓጉቻለሁ» እላለሁ፣ እውነትም ስለሆነ።

መርፌና ክር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሳምንት ጠፋሁ እየሞከርኩ ስለነበር ነው። ስልኩን አራቅኩት፣ መስኮቱ ጋ ዞርኩ፣ ጓደኛዬን ከሌንሱ ጎን አስቀመጥኳት። «ጠርዙን ለምንድነው የምታሺው?» አለችኝ፣ እኔም እያሸሁ ማስረዳት ጀመርኩ፣ ቆዳ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ቃጫው ብቅ ብቅ እንደሚል፣ ውሀ ነካ አድርጎ በእንጨት ሲታሽ ቃጫዎቹ ተጣብቀው እንደሚያብረቀርቅ፣ ሳልጨርስ ስድስት ደቂቃ አልፏል። ካሜራው መኖሩን የረሳሁበት ቦታ አለ፣ ሳየው የት ጋ እንደሆነ ያስታውቃል፣ ትከሻዬ ወርዷል። ድምፄን አሁንም አልወደድኩትም ግን የአጥንቱን ነገር ካወቅኩ ወዲህ አላጠፋሁትም።

እስካሁን አልለቀቅኩትም። @እንጨት ሰሪው ስድስቱን ደቂቃ ከየት ጀምሬ ልቁረጠው? «ሰላም» ከሚለው ነው ወይስ ቀጥታ?

እንጨት ሰሪው፦

ቀጥታ። እጅሽ ጠርዙን ሲያሽ ከሚታይበት ጀምሪ፣ ሰላምታውን አውጪው። ትከሻዬ ወርዷል ያልሽውን ቦታ ፈልጊና ከዛ አንድ ደቂቃ ውሰጂ፣ የቀረውን አትጣዪው ሌላ አራት ቪዲዮ ይወጣዋል። ቃላቱን ከስር በፅሁፍ አስገቢ፣ ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ነው የሚያየው። ስትለቂው ሊንኩን እዚ አስቀምጪልን፣ እኔ ከልብ ነው ማየት የምፈልገው፣ ስለ ጠርዙ ደሞ ጥያቄ አለኝ፣ ሰሙን የምትቀቢው ከማሸትሽ በፊት ነው በኋላ?