ደም የመለሰ ታራሚን በማማከር ንድፈ ሐሳብ መርዳት እስከ የት ያስኬዳል?

ፔዳ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር የምማር የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ስሆን፣ በአሁኑ ወቅት ለተግባር ልምምድ በአንድ ማረሚያ ቤት የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ። በጣም የከበደኝን አንድ ጉዳይ፣ ማንነትን የሚጠቁሙ ነገሮችን ቀይሬ፣ ላቅርብላችሁ። የወንድሙን ደም መልሶ የተፈረደበት ወጣት ነው። ስንነጋገር ከሽመናው አይነሳም፤ መወርወሪያውን እያመላለሰ ይመልስልኛል፣ የሟቹን ቤተሰብ ሳነሳ ብቻ እጁ ቀጥ ይላል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባለጉዳይ እንዲለወጥ ያስፈልጋሉ ብሎ ካስቀመጣቸው ሁኔታዎች መካከል ሦስቱን፣ ማለትም ሳያስመስሉ መቅረብን፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልንና ነገሩን በባለጉዳዩ ዐይን ማየትን አጥብቄ ይዤ ለወራት አዳመጥኩት፤ በእርግጥም ልቡን ከፈተልኝ። ከዚያ የተዛቡ ሐሳቦችን እየመረመረ ወደሚያቃናው የአሮን ቤክ የአስተሳሰብ ሕክምና ተሻግሬ፣ «ስፈታ ይገድሉኛል» የሚለውን ሐሳቡን በማስረጃ እንዲመዝነው ስጠይቀው፣ «እህቴ፣ የአገራችንን ደም አታውቂውም ማለት ነው?» አለኝ። እውነቱን ስለሆነ መልስ አጣሁ። ሐሳቡ የተዛባ ሳይሆን ትክክል ሲሆን አማካሪ ምን ማድረግ ይገባዋል?

ወለላ፦
የተከበርሽ ጠያቂ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የታሰሩ ሁለት ሐሳቦች ያሉ ይመስለኛል። «ይጠብቁኛል» የሚለው መረጃ ነውና አትከራከሪው። «ስለዚህ ቀድሜ መምታት አለብኝ፣ ካልመታሁ ሰው አይደለሁም» የሚለው ግን መደምደሚያ ነው፤ የቤክ ዘዴ ሥራው እዚህ ላይ ነው። በዚህም ላይ ቢሆን በክርክር ከመጋፋት ይልቅ፣ ዊሊያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ከመጠጥ ጋር ለሚታገሉ ሰዎች ያቀረበው አነሳሽ ቃለ ምልልስ ይሻላል፤ የለውጡን ምክንያት ባለጉዳዩ ራሱ እንዲናገር ዕድል ይሰጣልና። ልጅ ካለው፣ ልጁ ከእርሱ ምን እንዲወርስ እንደሚፈልግ ጠይቂውና ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙዪው።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ በዚህ ሥራ ላይ ረጅም ዘመን አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። አንድሩስ፣ ቦንታና ሆጅ እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት የስጋት፣ የፍላጎትና የተስማሚነት መርሕ መሠረት፣ እርዳታው ወደ ወንጀል የመራውን ነገር መንካት፣ መንገዱም ለሰውየው የሚስማማ መሆን አለበት። በእኛ አካባቢ ወደ ወንጀል የመራው ሐሳብ የሚኖረው በታራሚው ራስ ውስጥ ብቻ አይደለም። አንድ ታራሚ ነበረኝ፤ እናቱ ከደሴት በጀልባ ተሻግራ ስንቅ ታመጣለት ነበር። ከሏን ለዓመታት አላወለቀችም፤ ሞሰቡን ስታስረክበው አንድ ቃል አትናገርም፣ እርሱ ግን ያንን ጥቁር ልብስ ባየ ቁጥር የሳምንቱ ምክራችን ይፈርስ ነበር። ስህተቴን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ልጁን ብቻ ሳማክር እናቲቱን አንድ ቀን አላናገርኳትም። በኋላ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቶች ገብተው ደሙ በእርቅ ሲደርቅ፣ እናቲቱ ነጭ ለብሳ መጣች። ከዚያ በኋላ ነበር ልጁ ስለገደለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ጠርቶ ያወራኝ።

የሕግ ሰው፦
ከላይ በተባለው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 መሠረት፣ አንድ ታራሚ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ፈጽሞ በአመክሮ እንዲፈታ ከሚመዘንባቸው ነገሮች መካከል፣ መልካም ጠባዩ ብቻ ሳይሆን ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱም ይገኛል፤ ስለዚህ እርቁ ለአመክሮውም ይጠቅማል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ደግሞ ታራሚዎች በዘመዶቻቸውና በሃይማኖት አማካሪዎቻቸው የመጎብኘት መብት እንዳላቸው ስለሚደነግግ፣ የንስሐ አባቱ እንዲገቡ መጠየቅ እንደ ልዩ ውለታ የሚታይ አይደለም። ሌላው ምስጢር ነው። ማረሚያ ቤቱ ስለ ጠባዩ አስተያየትሽን ሊጠይቅሽ ይችላል፤ በመካከላችሁ የሚቀረውንና የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ የማይቀረውን አሁኑኑ ለይተሽ ንገሪው። አምኖሽ የተናገረው ነገር ሳያውቅ ከፋይሉ ውስጥ ቢገባ፣ ያገኘሽው እምነት ሁሉ ይጠፋል።

ፔዳ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ምስጢር የተባለውን ከመጀመሪያው ልነግረው ሲገባኝ አልነገርኩትም፤ በሚቀጥለው ቀጠሯችን ከዚያ እጀምራለሁ። አባቴ፣ የዚህን ወጣት እናት በጥያቄ ቀን ሳገኛቸው መጀመሪያ ምን ብዬ ላናግራቸው?

ጡረተኛው፦
ስለ ታሰረው ልጃቸው አትጀምሪ። ስለ ሞተባቸው ልጅ ጠይቂያቸው፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅ ይሆናል።