«ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ»ን የወደደ ጆሮ «ሬድ»ን እንዴት ይልመደው?

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን ጀማው።

ጥያቄዬ ሁለት አልበሞችን ይመለከታል። የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የዬስን «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አንድ የዶርም ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጥቶኝ ካደመጥሁት ወዲህ ከአራት ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ እስካሁንም ሳልሰማው የማልፈው ሳምንት የለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ይህ አልበም ሦስት ሥራዎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ የአልበሙን ስም የያዘው የመጀመሪያው ብቻውን ወደ 19 ደቂቃ ይጠጋል። በውኃና በወፎች ድምፅ ይከፈታል፤ ያ ድምፅ ቀስ እያለ እየጎላ ይመጣና፣ በሐምሌ የቦርከና ወንዝ ከላይ ሞልቶ ሲወርድ እንደሚያስደነግጠው ሁሉ፣ የስቲቭ ሃው ጊታር፣ የክሪስ ስኳየር ቤዝና የቢል ብሩፎርድ ድራም ባንድ አፍታ ይገነፍላሉ። መሃል ላይ ሁሉም ረግቦ ጆን አንደርሰን በለሆሳስ ካዜመ በኋላ፣ ሪክ ዌክማን ለንደን ውስጥ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን የተቀረጸውን ትልቅ ኦርጋን ሲለቀው፣ በሰማሁት ቁጥር ሰውነቴን ይነዝረኛል።

ችግሬ ከዚህ በኋላ ነው። በጆሮው የምተማመንበት አንድ ወዳጄ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሌላው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ፣ የኪንግ ክሪምሰን «ሬድ» ከዚህ ይበልጣል ብሎ ይሟገተኛል። በቅን ልቦና ሰባት ጊዜ ያህል አደመጥሁት፤ ነገር ግን አልገባኝም። የመጀመሪያው ሥራ ድምፃዊ የለውም፤ የሮበርት ፍሪፕ ጊታር እህል እንዳጣ ወፍጮ ድንጋይ ከድንጋይ የሚያፋጭ ይመስለኛል። «ፕሮቪደንስ» የተሰኘው ደግሞ መነሻውም መድረሻውም አይታየኝም። «ስታርለስ» ሲጀምር እጅግ ያምራል፤ ዳሩ ግን አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲደርስ ዜማው ይቆምና ጊታሩ አንዲት ድምፅ እየደጋገመ መምታት ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ ያልቅና አልፈዋለሁ። ወዳጄ ያ ክፍል በ13 ምት ስለሚቆጠር ትልቅ ጥበብ ነው ይላል፤ እኔ ግን የቁጥሩ ውስብስብነት ብቻውን ለምን እንደሚያስመሰግን አልታየኝም። ከ«ሬድ» አስቀድሜ ልሰማው የሚገባ ሌላ አልበም አለ? ወይስ በአደማመጤ ላይ ጉድለት አለ?


የካሴት ዘመን (ኮምቦልቻ)፦

አብሽር ወንድሜ። አንተ እየዘለልህ የምታልፈው ክፍል እኔ ዓመታት ሙሉ አጥቼው የኖርሁት ክፍል ነው።

«ሬድ» እጄ የገባው በወጣትነቴ፣ አንድ ዘመዴ ከውጭ ሲመለስ ባመጣልኝ የተገለበጠ ካሴት ነበር። ገና በቅጡ ሳልጠግበው ማጫወቻዬ «ስታርለስ» መሃሉ ላይ ሲደርስ ክሩን ጎትቶ በላው። የተጨማደደውን በመቀስ ቆርጬ አወጣሁና ሁለቱን ጫፎች በቀጭን ፕላስተር አጋጥሜ በቢክ እስክሪብቶ መልሼ ጠመጠምሁት። ቆርጬ የጣልሁትን ብለካው ስድስት ሜትር ያህል ሆነ፤ በካሴት ፍጥነት ይህ ከሁለት ደቂቃ በላይ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የእኔ «ስታርለስ» ከመክፈቻው ዜማ ብዙም ሳይርቅ ወደ ፈጣኑ ክፍል የሚዘል ሥራ ሆነ፤ እኔም ያ ፈጣን ክፍል ጩኸት ነው ብዬ ለዓመታት አመንሁ። መጨረሻው ላይ የመክፈቻው ዜማ ሲመለስም ከድግግሞሽ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም።

ሙሉውን 12 ደቂቃ እንደገና የሰማሁት ዘግይቼ በሲዲ ነው። ጊታሩ ቆሟል ብዬ የማስበው ቦታ ላይ ጊታሩ እየወጣ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ፍሪፕ አንዱን ድምፅ ደጋግሞ ይመታል፤ ጥቂት ከፍ ይላል፤ እዚያም ይሰነብትና እንደገና ከፍ ይላል። የጆን ዌተን ቤዝ ከሥር ያንኑ ሐረግ ሳይታክት እየተመላለሰበት፣ እየቆየ ድምፁ እየሻከረ ይሄዳል። በጭነት መኪና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መኪናው በአንድ ማርሽ እያቃሰተ መንገዱ ያው መንገድ ይመስላል፤ በየመታጠፊያው ግን ሸለቆው ጥቂት በጥቂት እየራቀ ነው። ፈጣኑ ክፍል ሲመጣ ጩኸት የማይሆነው ይህን ሁሉ ከወጣህ በኋላ ስለሚመጣ ነው።

እኛ ወሎ ያደግን ሰዎች ይህን ትዕግሥት አናጣውም። መንዙማ ምስጋናና ልመና ስለሆነ ከሮክ ጋር ላስተካክለው አልሻም፤ የምለው ስለ አደማመጥ ብቻ ነው። አውጪው አንዱን ስንኝ ሲያወጣ፣ ጀማው እየተቀበለ፣ ድቤው ቀስ በቀስ እየሞቀ ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ይህ ከዚህ በፊት ተብሏልና ይታለፍልኝ ያለ ሰው አላየሁም። በዚያ ጆሮ ስማው።


ድቤና ድራም (ደሴ)፦

በሠርግ ባንድ ውስጥ ድራም ስለምጫወት ነገሩን ከድራሙ በኩል ላየው። ጠያቂያችን የብሩፎርድን ስም በአድናቆት ጠርቶ ሳለ አንድ ነገር አልፎታል፤ የሚወደው አልበምና ያልገባው አልበም ድራመራቸው አንድ ሰው ነው። ቢል ብሩፎርድ ዬስን ከመሠረቱት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» ተቀርጾ እንዳለቀ፣ ቡድኑ ስሙ ሊገን በተቃረበበት ሰዓት ትቶት ወደ ኪንግ ክሪምሰን ሄደ። ስለዚህ ወንድሜ፣ መሸጋገሪያ የሚሆን ሌላ አልበም ከመፈለግ ይልቅ ይህን አንድ ሰው ተከተለው። የስኔሩን፣ ማለትም ከፊቱ የሚቀመጠውን ትንሹን ድራም ድምፅ ከሁሉ አስቀድመህ ለየው፤ ደረቅና ጥርት ያለ፣ ሲመታ እንደ ቃጭል የሚያስተጋባ ነው። በሁለቱም አልበሞች ላይ ያ ድምፅ አለ።

ልዩነቱ ሰውየው በ«ሬድ» ላይ መተውን ተምሮ መምጣቱ ነው። ከ«ሬድ» በፊት፣ በዚያው በ1974 ወደ ወጣው «ስታርለስ ኤንድ ባይብል ብላክ» አልበም የገባ «ትሪዮ» የሚባል ሥራ አለ፤ አምስተርዳም ውስጥ በመድረክ ላይ፣ ሳይዘጋጅ እዚያው የተፈጠረ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ በቫዮሊን፣ በቤዝና ሜሎትሮን በሚባለው ባለቴፕ ኪቦርድ እጅግ ለስላሳ የሆነ ነገር ሲሠሩ ብሩፎርድ ዱላዎቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ ሳይመታ ቀረ። ጓደኞቹም አለመምታቱ የሥራው አካል ነው ብለው ከደራሲዎቹ አንዱ አድርገው ስሙን አስገቡት። በሙያዬ ውስጥ እንደዚህ የነካኝ ታሪክ የለም፤ ሠርግ ላይ ለአፍታ እጄን ባነሣ ድራመሩ ምን ሆነ እባላለሁና።

አሁን ወደ 13ቱ ልምጣ። ወዳጅህ ቁጥሩን ለማክበድ ብሎ ከሆነ አልስማማም። አንተ ግን እንዲህ አድርገህ ሞክረው፦ የእስክስታችንን ስድስት ሁለት ጊዜ ቁጠርና አንድ ጨምርበት። ስድስቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ትከሻችን ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ስድስት ሲያልቅ ሰውነታችን ሊያርፍ ይላል፤ ያቺ ትርፍ አንድ ግን አታሳርፈውም። የ«ስታርለስ» መሃል አራት ደቂቃ ሙሉ ውጥረቱ የማይላላው በዚህ ምክንያት ነው። የፒንክ ፍሎይድን «መኒ» ብታነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልሃል፤ ዘፈኑ በሰባት እየሄደ ቆይቶ የዴቪድ ጊልሞር ጊታር ሲገባ ወደ አራት ይዞራል፤ ያን ጊዜ እግርህ መንገድ እንዳገኘ ያህል ይለቀቃል። ቁጥሩ የሚያስመሰግነው እንዲህ ሰውነት ላይ ሲሠራ ነው።

«ዋን ሞር ሬድ ናይትሜር» ላይ ደግሞ እንደ ተሰነጠቀ ቆርቆሮ የሚንኳኳ ሲምባል ትሰማለህ፤ ብሩፎርድ ከቆሻሻ መጣያ ያነሣው የተጣመመ ሲምባል ነው። እኔ ብሆን አልነካውም ነበር፤ እርሱ ግን ዘፈኑን የሚሸከም ድምፅ አደረገው።


የወልድያ ልጅ (ወልድያ)፦

ከእኔ በፊት የጻፉት ሁለቱም መልካም ብለዋል። በአንድ ነገር ብቻ ጋሼን ከኮምቦልቻ እቃወማለሁ፤ ትዕግሥት ለሁሉም ረጅም ሥራ የሚገባ ዋጋ አይደለም። ዬስ ራሳቸው በ1973 «ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ» ብለው በሁለት ሸክላ አራት ሥራዎች፣ እያንዳንዱን 20 ደቂቃ ያህል አድርገው አወጡ። ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ውብ የሆኑ ጥቂት ቦታዎች አሉት፤ በመካከላቸው ያለው ግን የሚወጣ ሳይሆን የሚንከራተት ነው። ዌክማንም አልበሙን ሳይወደው ቀርቶ በተከታዩ ዓመት ቡድኑን ለቅቋል። ርዝመት መድረሻ ሲኖረው ብቻ ነው የሚታገሡት።

እንግዲህ ለጠያቂው ድልድይ የሚሆነውን እኔ ልጠቁም፦ ጀነሲስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ «ሴሊንግ ኢንግላንድ ባይ ዘ ፓውንድ»፣ እ.ኤ.አ. 1973። በውስጡ ያለው «ፈርዝ ኦፍ ፊፍዝ» በቶኒ ባንክስ ፒያኖ ይከፈታል፤ ምቱ እየተለዋወጠ ይሄዳል፣ ግን ውኃ እንደሚወርድ ስለሚፈስ መቁጠር ትዝ አይልህም። ከዚያ መሃል ላይ ፒተር ጌብርኤል በፍሉት አንዲት አዝን የምታሰኝ ዜማ ይነፋል፤ ዋሽንት ለሚወድ ሰው ይህች ብቻ ትበቃው ነበር። ዜማዋ ግን ጠፍታ አትቀርም፤ ከደቂቃዎች በኋላ ስቲቭ ሃኬት ያችኑ በጊታር አንሥቶ፣ እያንዳንዱን ድምፅ አስረዝሞ፣ ሳይቸኩል ይጫወታታል። በ«ስታርለስ» መጨረሻ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ሰውየው ያወቀውን ዜማ ተነጥቆ ቆይቶ መልሶ ሲያገኘው። እዚህ በቀላሉ ከተረዳኸው እዚያ አይቸግርህም።

ድራመሩን ተከተል ለተባለውም አንድ ነገር ልጨምር። ጌብርኤል በ1975 ከጀነሲስ ሲወጣ ድራመሩ ፊል ኮሊንስ ድምፃዊ ሆነ፤ በ1976ቱ የመድረክ ጉዞ እርሱ ፊት ቆሞ ሲዘፍን ከኋላው ድራሙ ላይ የተቀመጠው ብሩፎርድ ነበር። ዬስን፣ ኪንግ ክሪምሰንንና ጀነሲስን፣ ሦስቱንም ቡድኖች አገልግሏል።

ሌላው ደግሞ የ«ስታርለስ» መክፈቻ ላይ እንደ ቫዮሊን ስብስብ የሚሰማህ ሜሎትሮን ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ የተቀዳ የቴፕ ቁራጭ አለው፤ ቁልፉን ስትጫን ይጫወታል፤ ስምንት ሰከንድ ገደማ ሲሆን ቴፑ ያልቃል፤ ጣትህን ስታነሣ በሞላ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ድምፁ ጥቂት የሚንቀጠቀጠው እውነተኛ ቴፕ ስለሆነ ነው፤ እኔም ያን መንቀጥቀጥ ከማንኛውም ዘመናዊ ኪቦርድ አስበልጠዋለሁ። «ፕሮቪደንስ»ን በተመለከተ ግን ራስህን አታስጨንቅ፤ በዚያ ስም በምትጠራው የአሜሪካ ከተማ በመድረክ ላይ ሳይዘጋጅ የተሠራ ነው፤ በእኔ ፍርድ ከአምስቱ ሥራዎች ደካማው እርሱ ነው።


የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ስልኬን ብቻ ይዤ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በጨለማ ውስጥ ሰማሁት። የወልድያዋ እህታችን እንዳለችው በ«ፈርዝ ኦፍ ፊፍዝ» ጀመርሁ፤ ፍሉቱን ያዝሁ፤ ጊታሩ ያችኑ ዜማ ሲያነሣም ቀድሜ አወቅኋት። ከዚያ ወደ «ስታርለስ» ተሻገርሁ።

መሃሉ ሲደርስ አልዘለልሁትም። ስድስት፣ ስድስት፣ አንድ እያልሁ በጣቴ ጉልበቴን መታሁ፤ አራተኛው ዙር ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ እንደገና ያዝሁት። ብሩፎርድ መጀመሪያ ላይ ድራሙን እንደማይጫወተው ልብ ያልሁት በዚህ ጊዜ ነው፤ እዚህ አንድ የእንጨት ድምፅ፣ እዚያ አንድ ትንሽ ኳኳታ እየጣለ ብቻ ይጠብቃል። ያ የማውቀው ስኔር ሙሉ በሙሉ ሲገባ ትከሻዬ ሳላዝዘው ተነሣ። ፈጣኑ ክፍል እንዳለፈ ሳክስፎኑ የመክፈቻውን ዜማ ይዞ ሲመለስ ግን መቁጠሩንም ድራሙንም ረሳሁት። ካበቃ በኋላ ማዳመጫውን ሳላወልቅ ብዙ ቆየሁ።

«ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» አሁንም ከልቤ አልወረደም፤ የትኛው ይበልጣል ለሚለው ለወዳጄ ገና መልስ የለኝም። የአልበሙ የመጀመሪያ ሥራም አሁንም ይከብደኛል፤ ወፍጮው ግን እህል ያገኘ መስሎኛል። «ፕሮቪደንስ»ን ዘለልሁት።

የካሴት ዘመን ጋሼ፣ ያ የተቆረጠው ካሴት እስካሁን አለዎት? ካለዎት መሃሉ የጎደለውን «ስታርለስ» አንድ ጊዜ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር።


የካሴት ዘመን (ኮምቦልቻ)፦

አለ። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል እንጂ አልተላቀቀም። ማጫወቻውም ቀበቶውን ካስቀየርሁለት ወዲህ ደህና ይሠራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወረድህ እቤት ነኝ፤ መጀመሪያ የጎደለውን፣ ቀጥሎ ሙሉውን እናደምጠዋለን።