ዩሮሴፕሲስ፣ ኤኬአይ እና አር65.20፦ ይህን ቻርት እንዴት ኮድ ላድርገው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ኢንፔሸንት ኮዲንግ (ተኝተው ለታከሙ ሰዎች ቻርት የበሽታ ኮድ መስጠት) የምትሠሩ ሰዎች እርዱኝ። ታካሚዋ የ71 ዓመት እናት ናቸው፣ በድንገተኛ ክፍል በኩል ገብተው ተኝተው ታክመዋል። የድንገተኛው ሐኪም የጻፈው «ዩሮሴፕሲስ» ነው። ዲስቻርጅ ሰመሪው (ሲወጡ የሚጻፈው ማጠቃለያ) ደግሞ «ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የመጣ ሴፕሲስ፤ ኤኬአይ» ይላል (ሴፕሲስ ለኢንፌክሽን የሚነሳ አደገኛ የመላ ሰውነት ምላሽ፣ ኤኬአይ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው)። የደም ካልቸሩ ኢ. ኮላይ አሳይቷል፣ ሐኪሙ ግን የባክቴሪያውን ስም የትም አልጠቀሰም። ክሬቲኒን ሲገቡ 2.4፣ የቀድሞው 1.0። ላክቴት 3.1። ፈሳሽ ተሰጥቷቸዋል፣ ቫሶፕሬሰር (የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) የለም። የትኛው ኮድ ይቅደም? አር65.20ስ (ኦርጋን ያወከ፣ ሾክ የሌለበት ከባድ ሴፕሲስ ኮድ) ልጨምር?

ሰነድ ይቅደም
«ዩሮሴፕሲስ»ን እርሺው። በአይሲዲ-10-ሲኤም (በአሜሪካው የበሽታ ኮድ ዝርዝር) የራሱ ኮድ የለውም፤ ወደ ኤ41.9ም (ባክቴሪያው ያልተለየ ሴፕሲስ) ወደ ኤን39.0ም (የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን) አይመራም። ቻርቱ ላይ እሱ ብቻ ቢኖር ሐኪሙን መጠየቅ ግድ ነበር፣ እዚህ ግን ሰመሪው ገላግሎሻል። ሴፕሲሱም ኢንፌክሽኑም ሲገቡ የነበሩ ከሆነ ሴፕሲሱ ፕሪንሲፓል (መጀመሪያ የሚቀመጥ ዋና ምርመራ) ይሆናል፣ ኤን39.0 ይከተላል፣ የሁለቱም ፒኦኤ (ሲገቡ ነበረ ወይ የሚለው ምልክት) «ዋይ»፣ ማለትም አዎ፣ ነው። በሽንት ኢንፌክሽን ገብተው ሴፕሲሱ በሦስተኛው ቀን ቢመጣ ኖሮ ኢንፌክሽኑ ይቀድም ነበር።
ኤ41.51ን (የኢ. ኮላይ ሴፕሲስ ኮድ) ከላብራቶሪ ውጤት ብቻ ተነስተሽ አትስጪ። ሐኪሙ ባክቴሪያውን ከሴፕሲሱ ጋር እስኪያገናኘው ድረስ ኤ41.9 ነው።

የኦዲት ጠረጴዛ
ዋናው ጣጣ አር65.20 ላይ ነው። የኮዶቹ ማውጫ «ሴፕሲስ» ሥር ከኦርጋን መታወክ ጋር የሚል መስመር ስላለው ብዙ ኮደር ግንኙነቱ እንዳለ ቆጥሮ ኮዱን ይሰጣል። የኮዲንግ መመሪያው የ«ዊዝ» («ከ… ጋር») አንቀጽ ግን ሌላ መመሪያ ግንኙነቱ እንዲጻፍ የሚጠይቅ ከሆነ አይሠራም ይላል፤ ምሳሌ አድርጎ ያነሳውም ራሱን ሴፕሲስን ነው። አንቺ ያለሽ ሰመሪ ሴፕሲስና ኤኬአይን ጎን ለጎን ዘረዘረ እንጂ አንዱ ከሌላው መጣ አላለም። በዚህ ዕድሜ ኤኬአይ ከውኃ ማጣትም፣ ከመድኃኒትም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ኩዌሪ (ለሐኪሙ የጽሑፍ ጥያቄ) ላኪ።
ገንዘቡንም እወቂው፦ ኤን17.9 (የኤኬአይ ኮድ) ሲሲ (ክፍያ ሊጨምር የሚችል ተጓዳኝ በሽታ) ብቻ ነው፣ አር65.20 ግን ኤምሲሲ (የሲሲ ከባዱ ደረጃ) ነው። ሌላ ኤምሲሲ ከሌለ ያ አንድ ኮድ ክፍያውን ከዲአርጂ (የክፍያ ቡድን) 872 ወደ 871 ያሻግረዋል። ኢንሹራንሶች መጀመሪያ የሚመነጥሩት እሱን ነው።

ሰነድ ይቅደም
እዚህ ላይ ልጨምር፦ አር65.20 መቼም ፕሪንሲፓል አይሆንም። ሐኪሙ «ሴፕቲክ ሾክ» (ሴፕሲስ ያመጣው አደገኛ የደም ግፊት መውደቅ) ቢል ደግሞ አር65.21 ይተካዋል፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

የማታ ፈረቃ
ኩዌሪው መልሱን ጠቋሚ መሆን የለበትም፣ ስለ ክፍያም አንድ ቃል አይኑርበት። በዚህ መልክ ሞክሪው፦
«ሰመሪው ላይ ሴፕሲስና ኤኬአይ ተመዝግበዋል። ክሬቲኒን ሲገቡ 2.4፣ የቀድሞው 1.0። የኤኬአዩን መንስኤ እባክዎ ይግለጹ፦ በሴፕሲስ ምክንያት / በውኃ ማጣት ምክንያት / ሌላ (ይጻፉ) / መወሰን አይቻልም።»
ስለ ኢ. ኮላዩ ለብቻው ሁለተኛ ጥያቄ አድርጊው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተጨመቁ ሐኪሙ ግማሹን ብቻ መልሶ ይልካል። «ኤኬአዩ በሴፕሲስ አይደለም?» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ያ ቀጥታ መምራት ነው።

ካፌይን
ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ነበራቸው? ሐኪሙ ኢንፌክሽኑን ከሽንት ካቴተሩ ጋር ካያያዘው ቲ83.511ኤ (የካቴተር ኢንፌክሽን ኮድ) ከሁሉም ይቀድማል፣ ዲአርጂውም ከሴፕሲስ ቡድን ይወጣል።

ጠያቂዋ
ካቴተር የለም፣ የነርሶቹን ማስታወሻም አይቻለሁ። ኢንሹራንሱ «ሶፋ ነጥቡ (የኦርጋን መታወክ መለኪያው) አልሞላም» ብሎ ሴፕሲሱን ቢክድስ?

የኦዲት ጠረጴዛ
እሱ ሌላ ሙግት ነው። መመሪያው ኮድ የሚሰጠው ሐኪሙ በሽታው አለ ብሎ በጻፈው መሠረት ነው ይላል፤ አንቺ ከሴፕሲስ ትርጓሜዎች ሴፕሲስ-2ን ወይም የ2016ቱን ሴፕሲስ-3ን መርጠሽ ምርመራውን አትሰርዢም። ማስረጃው የሳሳ ከመሰለሽ ከመላክሽ በፊት ለክሊኒካል ቫሊዴሽን (ምርመራው በሕክምና ማስረጃ መደገፉን ለሚያጣሩት) አስተላልፊው። በዚህ ቻርት ግን ክሬቲኒን ከ2.0 በላይ ሆኖ መነሻው 1.0 ስለሆነ ኩላሊቱ ብቻውን ሁለት የሶፋ ነጥብ ይሰጣል። ይግባኙ ላይ መነሻ ክሬቲኒኑን ከነቀኑ አያይዢ፣ ያለ እሱ ቁጥሩ የቆየ የኩላሊት ሕመም ነው ይሉሻል።

የማታ ፈረቃ
ሐኪሙ ሁለቱንም (ሴፕሲሱ የኢ. ኮላይ፣ ኤኬአዩም በሴፕሲስ የመጣ መሆኑን) ካረጋገጠ ቅደም ተከተሉ፦ ኤ41.51፣ አር65.20፣ ኤን39.0፣ ኤን17.9። ኤኬአዩን ለውኃ ማጣት ከሰጠው አር65.20ን አውጪ፣ ሌላው እንዳለ ይቆያል።