የዕቅድ ውይይት፦ የጋራ ውልና የጠበቃ መዋጮ፣ የየካ አባዶ፣ የካራና የጣፎ ፎቶና ቪዲዮ ቤቶች

ጸሐፊ
ረቂቁን ትናንት ማታ ነው የለጠፍኩት፤ እስካሁን ያነበበው ሦስት ሰው ነው። ደግሜ በአጭሩ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ሁላችንም የምንጠቀምበት አንድ የውል ቅጽ። ሁለተኛ፣ ለጠበቃ በነፍስ ወከፍ 1,500 ብር። ሦስተኛ፣ ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ባለሙያ መጥቶ ግማሽ ቀን እንዲያስረዳን የጥያቄ ደብዳቤ። እሁድ ለጉባኤ ይቀርባል። እስከ ዓርብ ተናገሩ።

ካራ ካሜራ
የኔን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሆቴሉ የጥምቀት ፎቶዬን ሳያስፈቅደኝ አትሞ የሰቀለውን፤ ከመጀመሪያው አልጀምርም። ትናንት ግን እንደገና ሄጄ አየሁት። አዳራሹ መግቢያ ላይ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። በስተግራ ያለችው ጃንጥላ ዘርፏ አንድ ቦታ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፤ ያቺ ክር እንኳ ሳትቀር ታትማለች። ከግርጌው የነበረውን ስሜን ቆርጠውታል። አስተናጋጁ «ከኢንተርኔት ያወረድነው ነው» አለኝ። በጥምቀት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ብርድ ላይ ቆሜ ያነሳሁት ነው። ዝም ብዬ ወጣሁ።

ድሮን
እህቴ በጣም ያናድዳል። ግን አስመዝግበሽዋል? ካልተመዘገበ መብት የለም።

ጸሐፊ
ይሄ ነው የገደለን! ምዝገባ ግዴታ አይደለም። የቅጂ መብት አዋጁን፣ 410/1996ን አንብበው፦ ሥራው የራስህ ወጥ ሥራ ከሆነና በወረቀት፣ በፊልም ወይም በሜሞሪ ላይ ከሰፈረ፣ ከተፈጠረባት ደቂቃ ጀምሮ ይጠበቃል። መጽሐፍ፣ ንግግር፣ ስብከት፣ ድራማ፣ ሙዚቃ፣ ፊልም፣ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የሕንፃ ንድፍ፣ ካርታ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ፎቶም ጭምር። ማስመዝገብ የሚጠቅመው ክርክር ሲመጣ ለማስረጃ ነው።

ኤዲተር ጣፎ
ስንት ዓመት ነው የሚጠበቀው?

ጸሐፊ
ደራሲ በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ። ፎቶ ግን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው።

ድሮን
እሺ ካልክ፣ ወንዙ ዳር ድንጋዩ ላይ ሙሽሮችን አስቀምጦ ከላይ ማንሳት የጀመርኩት እኔ ነኝ። አሁን ሁሉም እዚያው ይዞ ይመጣል። የሚያውቅ ራሱን ያውቃል። እሱም ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

ኤዲተር ጣፎ
እኔን ከሆነ በስሜ ጥራኝ። ድንጋዩን አንተ አላስቀመጥከውም።

ጸሐፊ
ተረጋጉ። ሐሳብ፣ ዘዴና አሠራር አይጠበቅም፣ አዋጁ በግልጽ አውጥቶታል። ያነሳኸው ፎቶ ያንተ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ማስቀመጥ የማንም አይደለም። አሁን ወደ ዋናው እንመለስ፣ የውሉ 4ኛ አንቀጽ፣ የፎቶው መብት የማን ነው የሚለው ላይ እባካችሁ። ሥራ በትዕዛዝ ሲሠራ ሌላ ስምምነት ከሌለ ባለቤቱ ያዘዘው ሰው ነው። የሰርጉን ፎቶ ሙሽሮቹ አዘውናል፣ ቀብድ ከፍለዋል፣ ውል የለንም። ስለዚህ በሱቃችን መስኮት የምንሰቅላት ሙሽራ በሕግ የኛ አይደለችም። ይህን የሚያስተካክለው ውል ብቻ ነው፣ ያውም የተጻፈና የተፈረመ። የካራዋ እህታችን ግን ማንም ሳያዛት ስላነሳችው ሙሉ መብቱ የሷ ነው።

ታክሲ ተራ ፎቶ ቤት
4ኛውን ትቼ 6ኛው ላይ ልናገር። «የአንሺው ስም በፎቶው ግርጌ ቀኝ ጥግ በነጭ ቀለም ይጻፋል» ይላል። ይሄ አይሆንም። 31 ዓመት ስሠራ ስሜን የደንበኛ ፊት ላይ ጽፌ አላውቅም። ስም በጀርባ ነው የሚመታ፣ በማህተም። ጥቁርና ነጩን ገልብጡት፣ እስካሁን ይነበባል።

ድሮን
ጋሼ፣ ቴሌግራም ላይ ጀርባ የለም።

ታክሲ ተራ ፎቶ ቤት
እሱን ለቴሌግራም ባለቤቶች ተዉላቸው። እኔ የማወራው ስለ ወረቀት ነው።

ባነር ቤት
ቀኝ ጥግ ከሆነ ባነር ስንቆርጥ ይሄዳል። ግራ ይሁን።

ኤዲተር ጣፎ
ግራም ይቆረጣል። መሃል ላይ በስሱ።

ታክሲ ተራ ፎቶ ቤት
መሃል? የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ? ያቺ ልጅ ለእናቷ ምን ብላ ታሳያለች? ባለፈው ሳምንት ለልጇ ክርስትና የመጣች ደንበኛዬ አልበሙን አገላብጣ «ይሄ ምንድን ነው፣ ቆሻሻ ነው?» አለችኝ። ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ስም ናት፣ ያውም ልጄ በኮምፒውተር ያስገባት። ሙሉውን እንደገና አትሜ ሰጠኋት፣ ከኪሴ።

ድሮን
ነጭ ቀለም ደግሞ ነጠላ ላይ አይታይም። ወርቃማ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ
ሃያ ሰባት መልስ ስለ ጥግ። 1,500 ብሩን የከፈለ አራት ሰው ነው።

ሰብሳቢ
ስሙ ቀላል ነገር አይደለም፣ አትናቁት። ጸሐፊ፣ አዋጁ ስለ ስም ምን ይላል?

ጸሐፊ
በሥራው ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልመጣ ድረስ፣ አመንጪው እሱ እንደሆነ ይገመታል። በስምህ መጠራትም ራሱን የቻለ መብት ነው። በ1996ቱ አዋጅ ለሞራል ጉዳት የሚወሰን ካሳ ከ100,000 ብር አያንስም። ጥግ ይሁን ጀርባ የሚል ነገር ግን የለም!! ዋናው 4ኛው ነው አልኩ።

ታክሲ ተራ ፎቶ ቤት
በለው፣ ስሙ እንጂ ጥጉ አልተጻፈም። ታዲያ ጀርባ ይበቃል።

ኤዲተር ጣፎ
ጋሼ ይቅርታ ግን እርስዎ በዓመት ስንት ሰርግ ያነሳሉ? የፓስፖርት ፎቶ ላይ ማን ስም ይጽፋል?

ታክሲ ተራ ፎቶ ቤት
አንተ ሌንስ መያዝ ማን ቤት ተማርክ?

ሰብሳቢ
ይብቃ። ሁለታችሁም። እዚህ ሰፈር ፎቶ ቤት ሳይኖር ጋሼ ነበሩ፣ ይሄን የማያውቅ የለም።

ኤዲተር ጣፎ
ይቅርታ ጋሼ። ተናድጄ ነው። የተማርኩት እርስዎ ቤት ነው።

ታክሲ ተራ ፎቶ ቤት
እሺ ልጄ። አለፈ።

ገንዘብ ያዥ
ማንም ያላነሳውን እኔ ላንሳ። ስለ ፎቶ ስንጮህ የሰርግ ቪዲዮአችን ላይ የምንጭነው ዘፈን የማን ነው? የድምፃዊውን ፈቃድ የጠየቀ አለ? ግጥሙ የሌላ፣ ዜማው የሌላ፣ ቅንብሩ የሌላ፣ ለድምፃዊውና ለአሳታሚውም ሕጉ 50 ዓመት ሰጥቷቸዋል። ባለፈው ወር የባለቤቴን ቪዲዮ ዩቲዩብ ድምፁን ዘጋበት፤ ደንበኛው «የሰርጌን ቪዲዮ ዲዳ አደረጋችሁት» ብሎ ቀሪውን 12,000 ብር ያዘብን። ያኔ ነው የካራዋ ልጅ ምን እንደሚሰማት የገባኝ። ሆቴሉ ካጠፋ እኛም አጥፍተናል።

ድሮን
ሁሉም የሚያደርገው ነው እኮ። ዘፈን የሌለው ሰርግ ማን ይቀበለናል?

ገንዘብ ያዥ
ሆቴሉም ያለው ይህንኑ ነው። ውሉ ላይ ስለ ዘፈን አንድ አንቀጽ ይግባ።

ሰብሳቢ
ትክክል ነው፣ ይግባ። ደብዳቤውን ማን ይጽፋል? ጠበቃ የሚያውቅስ?

ድሮን
የአጎቴ ልጅ ጠበቃ ናት፣ ነገ አናግራታለሁ።

ኤዲተር ጣፎ
ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።

ጸሐፊ
(ሐሙስ) ደብዳቤው የታለ? ጠበቃዋስ?

ጸሐፊ
(ዓርብ ጠዋት) ሰዎች?

ባነር ቤት
ስለ ስሙ መፍትሔ አለኝ። ለየአንዳንዳችን የጀርባ ማህተም እሠራለሁ፣ የማኅበሩ ስም ከላይ፣ የቤቱ ስምና ስልክ ከታች። ለአባል በ600 ብር። የጋሼም ይሆናል፣ የሌሎቹም። ሶፍቱን፣ ማለት ፋይሉን ለሚሰጥ ደግሞ ጥግ ላይ ያው ማህተም ይግባ።

ታክሲ ተራ ፎቶ ቤት
ይሄን ነው የምለው። እስማማለሁ።

ድሮን
ማህተም ካሠራን አይቀር ጀርባው ላይ «ፎቶግራፍ አንሺ» የተጻፈበት ጃኬትም እናሠራ። በጥምቀት ከታቦቱ ፊት ሲገፉን ማን መሆናችን ይታወቃል።

ሰብሳቢ
ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። አምና እኔንም ገፍተውኛል። ክብራችን ነው።

ገንዘብ ያዥ
ጃኬት ስንት ነው?

ባነር ቤት
ከነኅትመቱ 900 ብር። ማህተም 600። በትክክል 1,500።

ጸሐፊ
1,500ው የጠበቃ ነበር።

ሰብሳቢ
ጠበቃው ለሚቀጥለው ዙር ይሁን፣ ገንዘብ ሲኖር። ሰው የሚያየውን ነገር ሲያገኝ ይከፍላል። ውሉን አንተ ጨርሰህ አቅርብ።

ጸሐፊ
4ኛ አንቀጽ ላይ እስካሁን አንድ ሰው አስተያየት አልሰጠም። ቅጹን ብቻዬን ጽፌ ብቻዬን ልፈርምበት ነው እንዴ? ይሄን የምለው ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ውል ሳንይዝ በትዕዛዝ የሠራነው ሁሉ የሌላ ሰው ነው፣ ጃኬቱን ለብሰንም ያው ነው።

ሰብሳቢ
ለእሁድ አጀንዳ ላይ አስገባው፣ ከጃኬቱ ቀጥሎ።

ካራ ካሜራ
እኔ ጉባኤውን አልጠብቅም። ሰኞ ጠዋት ማመልከቻ ይዤ እሄዳለሁ። ካሜራው ያወጣው ዋናው ፋይል ያልተነካ አለኝ፣ ቀኑና ሰዓቱ ያለበት። ጃንጥላዋም ሳትቆረጥ፣ ስሜም ሳይቆረጥ።

ታክሲ ተራ ፎቶ ቤት
ስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው?

ካራ ካሜራ
ሁለት ተኩል ላይ መገናኛ እደርሳለሁ ጋሼ።

ታክሲ ተራ ፎቶ ቤት
ጠብቂኝ። ሱቁን ልጄ ይከፍታል። ሜሞሪዋን ለማንም አትስጪ፣ ግልባጭ ብቻ።

ባነር ቤት
ጃኬት የምትፈልጉ መጠን እዚህ ጻፉ። ጥቁር ወይስ ሰማያዊ?

ድሮን
ላርጅ። ጥቁር።

ኤዲተር ጣፎ
ሚዲየም። ሰማያዊ ይሻላል፣ ጥቁር የጥበቃ ይመስላል።

ድሮን
ሰማያዊ የታክሲ ረዳት ይመስላል።

ገንዘብ ያዥ
እስከ ቅዳሜ 8 ሰዓት ያልከፈለ መጠኑ አይመዘገብም።