ከአገር የማስወጣት ክስ ላለባቸው ወገኖቻችን የሚቀርብ የጋራ ፕሮፖዛል፦ በረቂቅ 2 ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ
ወገኖች፣ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ማኅበራትና እድሮች በጋራ የሚያቀርቡት ፕሮፖዛል ረቂቅ 2 ተዘጋጅቷል። የአድራሻና የቀጠሮ ክትትል፣ ትርጉም፣ የገንዘብ ድጋፍ፣ እንዲሁም ማኅበሩ ራሱ የሕግ አገልግሎት ለመስጠት የሚበቃበት መንገድ ተካተውበታል። መግቢያው እንዲህ ይላል፦ «የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ ‹ማንም ሰው› ተገቢው የሕግ ሥርዓት ሳይፈጸም ነጻነቱን አይነጠቅም ይላል፤ ‹ማንም ዜጋ› አይልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1903 በያማታያ ጉዳይ፣ በ1993ም በፍሎሬስ ጉዳይ ይህ ጥበቃ ከአገር ሊባረር ለተከሰሰ የውጭ ሰው እንደሚደርስ ተናግሯል።» እስከ እሑድ ማታ አስተያየት ስጡበት።

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ
መግቢያው ይቆይ፤ ነገር ግን አንባቢው «መብት አለን» ብሎ እንዳይዘናጋ። የኢሚግሬሽን ክስ የወንጀል ክስ ስላልሆነ መንግሥት ጠበቃ አያቆምም። ሕጉ ጠበቃ መያዝን የሚፈቅደው መንግሥትን ወጪ ሳያስወጣ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው አንቀጽ መብቶቹን በግልጽ ይጻፍ፦ ክሱን በጽሑፍ ማግኘት፣ መንግሥት ያቀረበውን ማስረጃ ማየትና መቃወም፣ የራስን ማስረጃና ምስክር ማሰማት፣ የመንግሥትን ምስክር መጠየቅ፣ በሚገባው ቋንቋ መሰማት፣ ይግባኝ ማለት።

በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ማስተር ሂሪንግ በሚሉት ላይ፣ ብዙ ኬዝ የሚበላሸው በአንድ ቃል ነው። ዳኛው በክሱ ወረቀት (ኤንቲኤ) ላይ የተዘረዘሩትን አንድ በአንድ እያነበበ «እውነት ነው?» ሲል፣ ሰው ዳኛ ፊት መከራከር ነውር እየመሰለው «አዎ» ይላል። አንዴ የታመነ ነገር ወደ ኋላ ለመመለስ እጅግ ከባድ ነው። በቪዛ የገባ ሰው ከሆነ ደግሞ ክሱን ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነበር፤ «አዎ» ያ ሸክም እንዲወርድለት ያደርጋል። ተከሳሹ ማለት ያለበት «ጠበቃ ለመፈለግ ጊዜ እጠይቃለሁ» ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል ይታተምልን።

ሌላም አለ። ከ2025 ግንቦት ወዲህ የመንግሥት ጠበቃ ራሱ «ክሱ ይዘጋ» ብሎ ይጠይቅና ሰውየው ተደስቶ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አይስ (የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ይይዘዋል። ምክንያቱ ክሱ ሲዘጋ ዳኛ ወደማያየው ፈጣን የማባረር ሥርዓት ሊወስዱት ስለሚፈልጉ ነው። «እቃወማለሁ፣ በጽሑፍ ለመመለስ ጊዜ ይሰጠኝ» ማለት እንደሚቻል ሁሉም ይወቅ። ያ ፈጣን ሥርዓት በ2025 ጥር ወደ መላው አገር እንዲሰፋ ተደርጎ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ነው። በሕጉ ሊያካትት የሚችለው ግን ያለ ሕጋዊ ፍተሻና ያለ ጊዜያዊ የመግቢያ ይለፍ (ፓሮል) ገብቶ 2 ዓመት ሳይቋረጥ መኖሩን ማሳየት ያልቻለን ሰው ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የሐኪም ቤት ካርድ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ደብዳቤ፦ ከ2 ዓመት በላይ የሚሸፍን ቅጂ ቤተሰብ ዘንድ ይቀመጥ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ተወካይ
አድራሻው ክፍል ላይ አንድ ስሕተት አለ። ረቂቁ «አድራሻ ሲቀየር ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ» ብሎ ያልፋል። ኢሚግሬሽን አንድ ቤት አይደለም። ለፍርድ ቤቱ ኢኦአይአር-33 በ5 ቀን ውስጥ፣ ለአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደግሞ ኤአር-11 በ10 ቀን ውስጥ ይሞላል። ሰው ኤአር-11ን በኢንተርኔት ሞልቶ «ጨርሻለሁ» ይላል፤ የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ግን ወደ አሮጌው ቤት መሄዱን ይቀጥላል። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ክስ ካላቸው አራት ኤ ነምበር (የእያንዳንዱ ሰው የኢሚግሬሽን መዝገብ ቁጥር) ነው፣ አራት ቅጽ። በወረቀት ከተሞላ ቅጂው ለመንግሥት ጠበቃም ይላካል።

ቤዝመንት ተከራይቶ የሚኖር ሰው በፖስታ ሳጥኑ ላይ ስሙ ከሌለ ደብዳቤው ይመለሳል። ይህን የሚያህል ነገር ነው ሰውን የሚያስባርረው።

ቀጠሮውን በ1-800-898-7180 ወይም በፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ በኤ ነምበር ማየት ይቻላል። ቁጥሩ 9 አኃዝ ነው፤ 8 ከሆነ ፊቱ 0 ይጨመርበታል። በሳምንት አንዴ፣ በዋዜማውም እንዲታይ ይጻፍ፤ ቀጠሮ መራዘም ብቻ ሳይሆን ወደ ቀረበ ቀንም ይመጣል። ችሎቱ አናንዴል ነው ወይስ ስተርሊንግ፣ በአካል ነው ወይስ በቪዲዮ (በዌብኤክስ) የሚለውም አብሮ ይታይ።

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ
እህቴ ትክክል ነሽ። የቀረ ሰው ምን እንደሚደርስበትም እንጨምር። በሌለበት የመባረር ውሳኔ ይሰጥበታል፤ መቅረት የሚያስከትለው በቃል ተነግሮት ከነበረም ለ10 ዓመት ብዙዎቹ የመፍትሔ በሮች ይዘጉበታል። ጉዳዩን እንደገና ለማስከፈት ሁለት መንገድ አለ። ከባድ ሕመም ወይም የቅርብ ቤተሰብ ሞትን የመሰለ ከአቅም በላይ ችግር ከሆነ በ180 ቀን ውስጥ፤ መጥሪያው በሕጉ መሠረት አልደረሰውም ከተባለ ግን ቀነ ገደብ የለውም። ማመልከቻው ሲገባ ዳኛው እስኪወስን ማባረሩ ይታገዳል። ከ2025ቱ የክፍያ ሕግ በኋላ ጉዳይ ማስከፈት በ900 ዶላር ጨምሯል፤ መጥሪያ አልደረሰኝም የሚለው ማመልከቻ ግን ከዚህ ጭማሪ ነጻ ነው። የ495 አውራ ጎዳና የመኪና መጨናነቅ ብቻውን በተለምዶ ተቀባይነት አያገኝም፤ ስለዚህ የምንመድበው ሹፌር ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ ይውጣ።

ትርጉም ክፍል
ረቂቁ ለትርጉም አንድ መስመር ሰጥቷል። ሁለት ገጽ ይገባዋል፤ ምክንያቱን ልዘርዝር።

መጀመሪያ ሰዓት። «9:00 ኤኤም» ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ለሽማግሌዎቻችን በቃል ስንነግር «9 ሰዓት» ካልን ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፣ ውሳኔው አልቆ። በማመልከቻ ላይ ደግሞ ይገለበጣል፦ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡ» ያለው ሰው ቃሉ «ማክሰኞ ማታ 8 ፒኤም» ተብሎ ይጻፋል። እውነቱ ረቡዕ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ኤኤም ነው። ችሎት ላይ በትክክል ሲናገር «ቃልህን ለወጥህ» ይባላል። በ2005 የወጣው የሪል አይዲ ሕግ ዳኛው ከጉዳዩ እምብርት ውጭ ያለች ትንሽ መለያየትን ሳይቀር ለተዓማኒነት እንዲመዝን ፈቅዷል።

ቀጥሎ ዘመን። «7 ወይም 8 ጨምር» የሚለው የአፍ ልማድ አደገኛ ነው፤ መለዋወጫው ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 ዓ.ም. ዲሴምበር 29፣ 2020 ሲሆን፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 3፣ 2021 ነው። በአምስት ቀን ልዩነት ዓመቱ ይቀየራል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ አንድ ቀን ይዛባል። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ ሁለቱም ዘመን ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ሰውየው «በግምት» ያለውን ቀን አስመስሎ መቁረጥ ክልክል ይሁን።

ቃላትም አሉ። «መቱኝ» በዱላም በጥይትም ይሆናል። «ወንድሜ» የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ቅጹ ላይ ግን ያ ወንድም አልተመዘገበም። «ታሰርኩ» ለአንድ ሌሊት ጣቢያ ማደርንም ለሁለት ዓመት እስርንም ይይዛል። ተርጓሚው ከመተርጎሙ በፊት እንዲጠይቅ እናሠልጥነው።

ስለ ችሎት ቋንቋም አንድ ነገር አለኝ። ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በራሱ ወጪ ያቀርባል፤ ነገር ግን «ኢትዮጵያዊ» ከተባለ አማርኛ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሶማልኛ የሚሻለው ሰው አማርኛ «ይገባኛል» ብሎ ዝም እንዳይል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ይንገር። መሐል ላይ አስተርጓሚው ከተሳሳተም ወዲያው እጅ አንሥቶ ማስመዝገብ ይገባል፤ በይግባኝ የሚታየው የተመዘገበው ብቻ ነው።

ለሰነድ ትርጉም፦ ከቀበሌ መታወቂያ እስከ ክስ ቻርጅ፣ እያንዳንዱ ወረቀት ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ይቀርባል። ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ ብቁ ሆኖ እንደሚያውቅ፣ ትርጉሙም እውነተኛና ትክክል እንደሆነ ጽፎ ይፈርማል። ማኅተም ቢደበዝዝ «ማኅተሙ አይነበብም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ አይገመት።

ገንዘብ ያዥ
የማላምንበት የቦንዱ፣ ማለትም ከማቆያ ለመፈታት የሚያዘው የዋስትና ገንዘብ፣ ክፍል ነው። ረቂቁ ከምናዋጣው ገንዘብ ሁለት ሦስተኛውን ለቦንድ ይመድባል። በሕጉ ዝቅተኛው 1,500 ዶላር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። በወንጀል ጉዳይ እንደለመድነው ለመንግሥት 10 በመቶ ብቻ ማስያዝ የለም፤ ሙሉው ይከፈላል። የሚመለሰውም ኬዙ ሲያልቅ ነው፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ሁለት ሰው ካስፈታን እድሩ ባዶ ይሆናል።

የባልቲሞር ተወካይ
ጋሼ፣ ሐሳቡ ይገባኛል። ነገር ግን በቨርጂኒያ በካሮላይን ወይም በፋርምቪል ማቆያ የተቀመጠ ሰው ማስረጃውን ከውጭ እንዴት ይሰበስባል? ከእስር ውጭ ያለ ሰው ጠበቃ ያገኛል፣ ምስክር ያነጋግራል። ቦንድ ራሱ የሕግ ሥርዓቱ አካል ነው።

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ
ሁለታችሁንም የሚነካ ነገር ላንሣ። በ2025 ሴፕቴምበር የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱ በያሁሬ ሁርታዶ ጉዳይ ሳይመረመር ድንበር ያቋረጠ ሰው በኢሚግሬሽን ዳኛ ቦንድ እንደማይሰጠው ወሰነ። ብዙ የፌዴራል ዳኞች ይህን አልተቀበሉትም። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሰው መንገዱ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሄቢየስ ኮርፐስ፣ ማለትም እስሩ ሕጋዊ መሆኑን ዳኛ እንዲመረምር፣ ማመልከት ነው። የመዝገብ ክፍያው 5 ዶላር ብቻ ነው፤ ውዱ የጠበቃው ሥራ ነው። አቤቱታው ሰውየው ወደ ሌላ ግዛት ሳይዛወር መግባት ስላለበት ጠበቃው ቀድሞ በውል የተያዘ መሆን አለበት።

ገንዘብ ያዥ
እንግዲያው እንዲህ ቢሆንስ፦ ከጠቅላላው ግማሹ ለአስቸኳይ ጠበቃ፣ ሩቡ ለቦንድ፣ ሩቡ ለትርጉም፣ ለመጓጓዣና ለመዝገብ ክፍያ። ከአንድ ሰው ቦንድ ከግማሹ በላይ አንከፍልም፤ ቀሪውን ቤተሰብ ያዋጣል። ከፋዩ ሕጋዊ ወረቀት ያለው ሰው መሆን አለበት፤ አድራሻው ሲቀየር እሱም ያሳውቃል። የተከፈለበትን ደረሰኝና ውሉን በሁለት ቦታ እናስቀምጥ፤ ደረሰኝ ከጠፋ ገንዘቡን ማስመለስ ብዙ ያንከራትታል። ተከሳሹ ከቀረ ገንዘቡ ይወረሳል፤ ይህንን ሳይፈርም ማንም አይወስድ።

የባልቲሞር ተወካይ
ተስማምቻለሁ።

ጸሐፊ
የፈቃዱን ክፍል በአጭሩ እንለፈው። ማኅበሩ የሕግ አገልግሎት ለመስጠት በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና ለማግኘት በኢኦአይአር-31፣ ለሠራተኛው ደግሞ በኢኦአይአር-31ኤ ያመለክታል። ለትርፍ ያልቆመና በዋናነት ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑትን የሚያገለግል መሆን አለበት። ከፊል ፈቃድ ያለው ሠራተኛ በኢሚግሬሽን ቢሮ ብቻ፣ ሙሉ ፈቃድ ያለው በፍርድ ቤትም ይቆማል። እስከዚያው ማንም አባል ምክር አይስጥ፤ ይተርጉም፣ ያድርስ፣ ቅጂ ያንሣ። ከትዳር ጓደኛ፣ ከወላጅና ከልጅ በስተቀር የጥገኝነት ቅጽ ለሌላ ሰው የሞላ ሁሉ በአዘጋጅነት ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ከፍሎ አስሞልቶ የሞላው ሰው ያልፈረመበት ቅጽ የያዘ ካለ ቶሎ ለጠበቃ ያሳይ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ተወካይ
አንድ የቀረ አለ፤ ሰው ሲያዝ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት። በአይስ መፈለጊያ ላይ በኤ ነምበርና በትውልድ አገር ፈልጎ ማግኘት ይቀላል፤ በስም ከሆነ ግን ፊደሉ ከመዝገቡ ጋር አንድ መሆን አለበት። የእኛ ስም የአባትና የአያት ስለሚከተለው አንዱ ጋ የአያት፣ ሌላው ጋ የአባት ስም መጨረሻ ላይ ይመዘገባል። «ጸሐይ» በእንግሊዝኛ ፊደል አራት ዓይነት ይጻፋል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ፎቶ ይነሣ።

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ
እንግዲህ ክፍል 1 ቁጥር 4 እንዲህ ይነበብ፦ «እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ ያዘጋጃል፦ ኤ ነምበር፣ በኢሚግሬሽን ወረቀት ላይ ባለው አጻጻፍ ሙሉ ስም፣ የትውልድ አገር፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀንና ቦታ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የጠበቃው ስልክ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት የሚያወጣ ሰው። ገጹ ቤተሰቡ በሚያምነው ሰው እጅ ይቀመጣል፤ ማኅበሩ ቅጂ አይዝም፣ በቴሌግራምም አይላክም። ከውሳኔ በኋላ ዳኛው ስለ ይግባኝ ሲጠይቅ ‹ይግባኙን አልተውም› ይባላል። ቀነ ገደቡ ከውሳኔው ወረቀት ላይ ይነበባል፤ የሚቆጠረውም ማመልከቻው ለቦርዱ በደረሰበት ቀን እንጂ ፖስታ ቤት በገባበት ቀን አይደለም።»

ጸሐፊ
ገብቷል። ትርጉም ክፍል ሁለቱን ገጽ እስከ ሐሙስ ይላኩልኝ፤ የታኅሣሡን የዘመን መለዋወጫ ሰንጠረዥ አብራችሁ።