ሜን (ዋናው) ብሬከሩ ሁሉንም ይጥልብኛል፤ በ630 አምፔር ልቀይረው?

ባለወፍጮው (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ወገን፣ አስቸኳይ ነው። የ2ኛው ወፍጮ ገመድ ሾርት እያደረገ ነው። የራሱ 160 አምፔር ብሬከር ብቻ መውረድ ሲገባው 400ው ሜን አብሮ ይወርዳል። ፋብሪካው በሙሉ ጨለማ። እህል ያመጣው ሰው ደጅ ቆሟል፣ ባለቤቱ በስልክ ወጥሮ ይዞኛል። 630 ገዝቼ ልቀይር?

ፓኔል ሠሪ፦
630 አስገባና ተገላገል።

ሸዋሮቢቴ፦
ሙቀት ነው። እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ ብሬከር መውረድ ልማዱ ነው።

የጣርማበሩ፦
ደብረ ብርሃን ላይ ሙቀት? በጋቢ ተጠቅልለው እኮ ነው ፓኔል የሚከፍቱት 😂

ጋሽ ሽቦ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ገመዱን ጠግን። ሾርቱ ሳይጠፋ ብሬከር ደጋግመህ አታንሳ፣ በእያንዳንዱ ሾርት ውስጡ ይበላል። ብርዱም አያታላችሁ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ብሬከር የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ አይቀዘቅዝም። አምራቹ ለከፍታ የሚያወጣውን የአምፔር ቅናሽ ሳያይ ብሬከር የሚገዛ ሰው ያናድደኛል። በእኛ ጊዜ...

ማታ ፈረቃ፦
ትራንስፎርመሩ ስንት ነው? ጀነሬተርስ አላችሁ?

ባለወፍጮው፦
200 ኪሎቮልት አምፔር። 100 ጀነሬተር አለ፣ በቼንጅኦቨር (ከመብራት ወደ ጀነሬተር መቀየሪያ) እዚያው ቦርድ ላይ ይገባል። ችግሩ ግን በመብራት ነው። በጀነሬተር ጊዜማ ሾርት ቢያደርግም ምንም አይወርድም፣ ሞተሩ ያቃስታል እንጂ።

ማታ ፈረቃ፦
ወንድሜ፣ የባሰው ችግር እሱ ነው! በሁለቱም እንሂድ።

መብራት፦ የ200 ትራንስፎርመር ሙሉ ጭነት በ400 ቮልት 289 አምፔር ነው። ኢምፒዳንሱ (ሾርትን የሚገታው የውስጥ መቋቋሚያው) 4 በመቶ ከሆነ ቦርዱ አጠገብ ሾርቱ 7,200 አምፔር ገደማ ይደርሳል፤ ገመድ ሲረዝም ይቀንሳል። የሜንህ ቅጽበታዊ መቁረጫ (ሾርት ሲያይ ሳይዘገይ የሚቆርጠው) በ400ው 10 እጥፍ ከተሞላ 4,000 ላይ ወዲያው ይቆርጣል። ስለዚህ ሜኑም 160ውም እኩል ያዩታል፣ እኩል ይወርዳሉ። የሚያስፈልግህ ሜኑን ማዘግየት ነው። ባለ ኤሌክትሮኒክ ሜን አድርግ፣ የሾርት መዘግየቱን 0.2 ሰከንድ ሙላ፣ ቅጽበታዊ መቁረጫውን ዝጋው ወይም ከ7,200 በላይ አውጣው። ሜኑ ያን ሾርት ለዚያ ጊዜ የሚችል ይሁን። 160ው ቀድሞ ይቆርጣል። የሁለቱን ጥምረት በአምራቹ ሠንጠረዥ አረጋግጥ።

ፓኔል ሠሪ፦
630 አስገባ እኮ አልኩህ።

ማታ ፈረቃ፦
በ10 እጥፍ 6,300 ነው። 7,200 ሲመጣ እሱም ይወርዳል። በዚያ ላይ ለ289 አምፔር ትራንስፎርመር 630 ሜን ማለት ከአቅሙ በላይ ሲጫን የሚያድነው የለም ማለት ነው።

ጀነሬተር፦ የ100ው ሙሉ ጭነት 144 አምፔር ነው። ሾርት ሲገጥመው ደህና ኤክሳይቴሽን (ዳይናሞውን ማግኔት የሚያደርገው ክፍል) ካለው 3 እጥፍ ያህል ይይዛል፣ 430 በለው። ከሌለው ከዚያም ይወርዳል። 160ው በ10 እጥፍ 1,600 ነው የሚጠብቀው፣ አያየውም። ዳይናሞው ይቃጠልብሃል። ለጀነሬተሩ መግቢያ የራሱ ብሬከር ስጠው፤ ቅጽበታዊው ከ400 በታች የሚሞላ፣ ለጀነሬተር የተሠራ። ትልቁ ሞተር ሲነሳ እንዳይጥልህ ሞክረው።

የጣርማበሩ፦
ያኔ ግን በጀነሬተር ጊዜ አንድ ወፍጮ ሾርት ባደረገ ቁጥር ሁሉም ይጠፋል።

ማታ ፈረቃ፦
ይጥፋ። ዳይናሞ ከማስጠቅለል ይሻላል።

ባለወፍጮው፦
እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ገመዱን እየቀየርን ነው።

ጋሽ ሽቦ፦
ከመልቀቅህ በፊት ገመዱን በሜገር (የሽቦ ልባስ መፈተሻ) ለካው። ቼንጅኦቨሩስ ሁለቱን አብሮ እንዳያስገባ መቆለፊያ አለው?